«የሚጥል በሽታ» የማይጥልባቸው ገጽታዎች፦ የክስተት ዓይነቶችን ከዓይን ምስክር ቃል የመለየት ዘዴ

አኅጽሮት

«የሚጥል በሽታ» የሚለው የአማርኛ ስያሜ ከሕመሙ ገጽታዎች ጎልቶ የሚታየውን፣ መውደቅን፣ መሠረት ያደረገ ነው። ይሁን እንጂ ከሕመሙ ክስተቶች ብዙዎቹ ታማሚውን አይጥሉም፤ በሌላ በኩል ራሱን ስቶ የወደቀ ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት ማለት አይደለም። ይህ ጽሑፍ ዓለም አቀፉን የክስተቶች አመዳደብ መነሻ በማድረግ ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች የሚለዩባቸውን ምልክቶች፣ ከሌሎች ሁኔታዎች ጋር የሚምታቱባቸውን ነጥቦችና የዓይን ምስክርን በአማርኛ የመጠየቂያ ሥርዓት ያቀርባል። ማዕከላዊ ሐሳቡ የክስተቱ ዓይነት የመድኃኒቱን ምርጫ ስለሚወስን በአለያየት ላይ የሚፈጸም ስሕተት ታማሚውን በቀጥታ ይጎዳል የሚል ነው።

1. መግቢያ

የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሚጥል በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ ከእነዚህም 80 በመቶ የሚጠጉት የሚገኙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ድርጅቱ እንደሚገልጸው ታማሚዎቹ በተገቢው መንገድ ተመርምረው ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ያለ ክስተት ሊኖሩ ይችላሉ። በዚህ አገላለጽ ውስጥ «በተገቢው መንገድ ተመርምረው» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ከመድኃኒት አቅርቦት ያላነሰ ክብደት አለው።

በኢትዮጵያ ስለ ሕመሙ ስርጭት ከተደረጉት ጥናቶች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 ለኅትመት የበቃው ነው። ጥናቱ 316 ታማሚዎችን የለየ ሲሆን፣ ስርጭቱ ከ1000 ሰዎች 5.2 መሆኑን፣ ሕመሙ ከሌሎች የዕድሜ ክልሎች ይልቅ ከ10 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ በብዛት መታየቱንና ከተገኙት ታማሚዎች መካከል በታወቀ ፀረ ሚጥል በሽታ መድኃኒት የታከሙት 1.6 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል።

በቤት ለቤት ጥናት የሚገኘው አኃዝ ሁሉ በመጠይቁ ይዘት የተወሰነ ነው። መጠይቁ ስለ መውደቅ፣ ስለ መንቀጥቀጥና ስለ አረፋ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ የሚቆጠሩት የሚወድቁት፣ የሚንቀጠቀጡትና አረፋ የሚደፍቁት ብቻ ይሆናሉ። በክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች የሚፈዘው ተማሪ፣ ጠዋት ጠዋት እጇ እየበረገገ ስኒ የሚወድቅባት ወጣት፣ ከእንቅልፉ ሲነቃ በተደጋጋሚ የሚቀነፈፈው ሕፃን ከቆጠራው ውጭ ይቀራሉ። ከሕክምናም ውጭ የሚቀሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

2. በክስተትና በበሽታው መካከል ያለው ልዩነት

ባለሙያዎች «ሲዠር» የሚሉት በዚህ ጽሑፍ «ክስተት» ተብሎ ተጠርቷል። ክስተት ማለት የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት ከመጠን በላይ ወይም ከልክ ባለፈ ኅብረት በአንድነት በመሥራታቸው ለአጭር ጊዜ የሚታይ ምልክት ነው። ምልክቱ እንቅስቃሴ፣ ስሜት፣ የንቃት መቀነስ ወይም የጠባይ ለውጥ ሊሆን ይችላል።

የሚጥል በሽታ ደግሞ ክስተቱ ያለ ቅርብ ቀስቃሽ የመደጋገም ዝንባሌ ነው። ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ተከላካይ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ተግባራዊ ትርጓሜ መሠረት አንድ ሰው በሽታው አለበት የሚባለው ከሦስቱ ሁኔታዎች አንዱ ሲሟላ ነው፦ ያለ ቅርብ ቀስቃሽ ከ24 ሰዓት በላይ በሆነ ልዩነት ቢያንስ ሁለት ክስተቶች ሲደርሱበት፤ አንድ ክስተት ደርሶበት በቀጣዮቹ 10 ዓመታት የመደገሙ ዕድል ቢያንስ 60 በመቶ ሆኖ ሲገመት፤ ወይም የታወቀ የሚጥል በሽታ ሲንድሮም ሲገኝበት።

በመሆኑም በደም ውስጥ ስኳር ማነስ፣ በአንጎል ወባ፣ በማጅራት ገትር፣ መጠጥን በድንገት በማቆም ወይም በነፍሰ ጡሯ የደም ግፊት ሳቢያ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ክስተት ቢሆንም የሚጥል በሽታ አይደለም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ከትኩሳት ጋር የሚታየውም እንዲሁ ነው። ከማንኛውም የዓይነት ልየታ በፊት «ቅርብ ቀስቃሽ ነበረ ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት፤ ሕይወትን ሊያድን የሚችለው አስቸኳይ ሕክምና በዚህ መልስ ላይ የተመሠረተ ነውና።

3. የአመዳደቡ መሠረት

ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣውን አመዳደብ በ2017 በአዲስ ተክቶ በ2025 አሻሽሎታል። በየጊዜው ስያሜዎች ቢለዋወጡም የአመዳደቡ አጥንት በሦስት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። የመጀመሪያው ክስተቱ የተነሣው ከአንድ የአንጎል ክፍል ወይም ከአንድ ወገን ነው ወይስ ከጅምሩ ሁለቱንም ወገኖች ያካተተ ነው የሚል ነው። ከአንድ ወገን የሚነሣው ፎካል፣ ሁለቱንም የሚያካትተው አጠቃላይ ይባላል። ሁለተኛው ታማሚው ንቃቱን ጠብቆ ቆይቷል ወይስ አጥቷል የሚል ነው። ሦስተኛው በዓይን የታየው ምልክት ምንድን ነው፣ በምንስ ቅደም ተከተል ታየ የሚል ነው። አጀማመሩ ካልታወቀ «ፎካል ወይም አጠቃላይ መሆኑ ያልታወቀ» ብሎ መመዝገብ ተገቢ ነው፤ ያልታየውን አጀማመር ገምቶ ከመጻፍ ይህ የበለጠ ሳይንሳዊ ነው።

4. ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶችና መለያዎቻቸው

4.1 ፎካል ክስተቶች። የምልክቱ መልክ ክስተቱ በተነሣበት የአንጎል ክፍል ይወሰናል። በግራ በኩል ያለው የእንቅስቃሴ ማዕከል ሲነካ የቀኝ እጅ ወይም ፊት ይርገበገባል። መርገብገቡ ከአውራ ጣት ተነሥቶ ወደ ክንድ፣ ከዚያም ወደ ፊት ሊዛመት ይችላል፤ ይህን ጉዞ ያጠኑት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት እንግሊዛዊ ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን በመሆናቸው በስማቸው ይጠራል። የጆሮ ግንድ አካባቢ ባለው የአንጎል ክፍል የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከሆድ ወደ ላይ በሚወጣ እንግዳ ስሜት፣ በድንገተኛ ፍርሃት፣ ሌላ ሰው በማይሸተው ሽታ ወይም «ይህን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ» በሚል ስሜት ይጀምራል። ከኋለኛው የአንጎል ክፍል የሚነሣው ባለ ቀለም ክብ ብርሃን ያሳያል። ከፊተኛው ክፍል የሚነሣው ደግሞ በእንቅልፍ ሰዓት በአጭር ጊዜ የሚያበቃ ብርቱ መወራጨት ሊሆን ይችላል።

ታማሚው ንቃቱን ከጠበቀ የሆነውን ራሱ ይተርካል። ንቃቱን ሲያጣ ግን ዓይኑ ተከፍቶ ይፈዛል፣ ሲጠሩት አይመልስም፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ምንም ሳይበላ ያኝካል፣ ልብሱን ይነካካል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ይቆያል፤ ካበቃ በኋላ ግራ የመጋባት ጊዜ ይከተላል። ማንኛውም ፎካል ክስተት ወደ ሁለቱም ወገኖች ተዛምቶ በመላ ሰውነት መንቀጥቀጥ ሊያበቃ ይችላል። ከዚያ በኋላ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር ለሰዓታት መዛል አጀማመሩ ከተቃራኒው የአንጎል ወገን እንደነበር የሚጠቁም ጠቃሚ ማስረጃ ነው።

4.2 ቶኒክ ክሎኒክ ክስተት። «የሚጥል» የሚለውን ስያሜ ያስገኘው ይህ ዓይነት ነው። ታማሚው በድንገት ንቃቱን ያጣል፤ የደረት ጡንቻው ሲኮማተር ጩኸት የሚመስል ድምፅ ሊወጣው ይችላል፤ ሰውነቱ ግትር ይላል፣ ይወድቃል። ይህ የመገተር ደረጃ ለአጭር ጊዜ ከቆየ በኋላ ሁለቱም እጆችና እግሮች በአንድ ምት መርገብገብ ይጀምራሉ። በምቶቹ መካከል ያለው ፋታ ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄዶ እንቅስቃሴው ይቆማል። ከንፈር መጥቆር፣ የምላስ ጎን መነከስ፣ ሽንት ማምለጥና ከባድ ድካም ያጅቡታል። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ይቆያል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ታማሚው ሳይነቃ ከተደገመ በራሱ የመቆም ዕድሉ ስለሚያንስ አስቸኳይ ሕክምና ያሻዋል፤ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየቱ ዘላቂ የአንጎል ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

4.3 አብሰንስ። በዋነኛነት የሕፃናት ሲሆን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ልጁ ንግግሩን ወይም ሥራውን በመካከል ያቋርጣል፣ ይፈዛል፣ የዓይን ሽፋኖቹ ሊርገበገቡ ይችላሉ፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ምንም እንዳልሆነ ካቆመበት ይቀጥላል። አይወድቅም፤ ከዚያ በኋላም ግራ አይጋባም። በቀን በአሥሮች ጊዜ ሊደጋገም ስለሚችል ትምህርቱ በየመካከሉ ይቆራረጥበታል፤ መምህሩና ወላጆቹ ግን ልበ ቢስ ወይም ሰነፍ ነው ሊሉት ይችላሉ። በክሊኒክ ውስጥ ለ3 ደቂቃ ያህል በጥልቀትና በፍጥነት እንዲተነፍስ በማድረግ ክስተቱን መቀስቀስ ይቻላል። በኢኢጂ ላይ በሰከንድ 3 ጊዜ የሚደጋገም ሹልና ሞገድ ይታያል።

4.4 ማዮክሎኒክ። ከሰከንድ ክፍልፋይ የማያልፍ ድንገተኛ የጡንቻ ብርገጋ ነው፤ ንቃት አይቋረጥም። በጉርምስና ዘመን የሚጀምረው ዓይነት ከእንቅልፍ በተነሡበት ሰዓት ይበረታል፤ እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ ያባብሱታል። ታማሚው ዕቃ ከእጁ መውደቁን እንደ ሕመም ስለማይቆጥረው ካልተጠየቀ አይናገርም። ብዙዎቹ ወደ ሕክምና የሚመጡት ቶኒክ ክሎኒክ ክስተት ከደረሰባቸው በኋላ ብቻ ነው።

4.5 ቶኒክና ኤቶኒክ። በቶኒክ ክስተት ሰውነት ለጥቂት ሰከንዶች ግትር ይላል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ይበዛል። በኤቶኒክ ጡንቻው በድንገት ይልማል፤ ጭንቅላት ዘፍ ይላል ወይም ታማሚው እንደ ባዶ ጆንያ ይወድቃል። ይህ ዓይነት መንቀጥቀጥ የሌለበት መውደቅ ነው። በልጅ ግንባርና አገጭ ላይ የተደራረበ ጠባሳ ሲታይ ሊጠረጠር ይገባል።

4.6 የሕፃናት ስፓዝም። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ የሚጀምር ሲሆን፣ ሕፃኑ ጭንቅላቱን፣ እጆቹንና እግሮቹን በድንገት አጥፎ ይቀነፈፋል ወይም ይዘረጋል፤ ይህም በተለይ ከእንቅልፍ ሲነቃ በተከታታይ ይደጋገማል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዌስት እ.ኤ.አ. በ1841 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የራሳቸውን ልጅ ሕመም በገለጹበት ጽሑፍ ይህን ሁኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተዋውቀዋል። ብዙ ጊዜ ከሆድ ቁርጠት ወይም ከድንጋጤ ጋር ይምታታል። ሕክምናው መዘግየቱ የልጁን የአእምሮ ዕድገት ስለሚጎዳ፣ የተማረውን ፈገግታ ወይም አንገት ማቆም የተወ ሕፃን ከእንደዚህ ዓይነት እንቅስቃሴ ጋር ከቀረበ ምርመራው ለነገ የሚባል አይደለም።

5. የሚምታቱ ሁኔታዎች

አብሰንስና ንቃት የሚያሳጣ ፎካል ክስተት ሁለቱም «መፍዘዝ» ተብለው ይገለጻሉ። መለያዎቹ አራት ናቸው፦ የቆይታ ጊዜ፣ ቅድመ ስሜት፣ ድግግሞሽና ፍጻሜ። አብሰንስ በሰከንዶች ያበቃል፣ ቅድመ ስሜት የለውም፣ በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፣ ፍጻሜው ስል ነው። ፎካሉ ረዘም ይላል፣ ቅድመ ስሜት ሊኖረው ይችላል፣ ድግግሞሹ ያነሰ ነው፣ ሲያበቃ ግራ ያጋባል።

ሁለተኛው ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለቅጽበት በመቀነሱ የሚደርስ ራስን መሳት ነው። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ረጅም መቆም፣ ሙቀት፣ ደም ማየት ወይም ሕመም ይኖራል፤ ላብ፣ የፊት መገርጣትና የዓይን መጨለም ይቀድማል፤ ንቃት በፍጥነት ይመለሳል። መንቀጥቀጥ መታየቱ ብቻውን ልዩነቱን አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ የጀርመን ጥናት ፈቃደኛ ጤነኞች ሆን ተብሎ ራሳቸውን እንዲስቱ ሲደረግ፣ በቪዲዮ ከተቀረጹት 42 መሳቶች መካከል በ90 በመቶው የጡንቻ ብርገጋ ታይቷል። ይህ ብርገጋ ግን ጥቂት፣ ሥርዓት የለሽና በሰከንዶች የሚያበቃ ነው። በሥራ ወይም በስፖርት መካከል ያለ ማስጠንቀቂያ የሚደርስ መሳት የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ሥነ ልቡናዊ መነሻ ያለው ክስተት ነው። ዓይን ተጨፍኖ መቆየቱ፣ እንቅስቃሴው እየበረታና እየደከመ ለረጅም ጊዜ መቀጠሉ፣ ጭንቅላት ወደ ግራና ቀኝ መወዛወዙ ይጠቁመዋል። ታማሚው ሆን ብሎ የሚያደርገው አይደለም፤ ስለዚህ «ያስመስላል» ብሎ ማሰናበት ከሳይንሱም ከሥነ ምግባሩም የራቀ ነው። ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ።

የኢኢጂ ምርመራ ለዓይነት ልየታ ትልቅ እገዛ ቢኖረውም ከክስተት ውጭ ባለው ጊዜ የተገኘ ጤናማ ውጤት በሽታውን ውድቅ አያደርግም። ለዚህም ነው የዓይን ምስክር ቃል የምርመራው ዓምድ ሆኖ የሚቀረው።

6. የዓይን ምስክርን በአማርኛ መጠየቅ

ጠያቂው የሚጠቀምባቸው ቃላት መልሱን አስቀድመው ሊቀርጹት ይችላሉ። «ጣለው» የሚለው ግሥ ጣይ ያለው ግሥ ነው። ስለዚህ «ምን ጣለው?» ተብሎ ሲጠየቅ ምስክሩ ያየውን ሳይሆን ምክንያት ነው ብሎ የሚያምንበትን ይናገራል፤ «እንዴት ወደቀ?» የሚለው ግን ወደ ምልከታው ይመልሰዋል። «ራሱን ሳተ» የሚለው ሐረግ ከቀላል የደም ግፊት መውረድ አንሥቶ እስከ ቶኒክ ክሎኒክ ድረስ ይሸፍናል። «አንቀጠቀጠው» የሚለው ቃል የትኩሳት ብርድ ብርድንም የክሎኒክ ምትንም ይገልጻል። «ፈዘዘ» የሚለው ደግሞ ለሐዘን፣ ለድካምና ለአብሰንስ ያገለግላል። እነዚህን ቃላት ሳይበትኑ በመጠይቅ ላይ ማስፈር የተለያዩ ሁኔታዎችን በአንድ አኃዝ መደባለቅ ይሆናል።

በመሆኑም የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል። በመጀመሪያ «ከመጀመሪያው ያዩት እርስዎ ነዎት?» ተብሎ የምስክሩ ቦታ ይጣራል፤ ጩኸት ሰምቶ የደረሰ ሰው አጀማመሩን አላየምና። ከዚያ ታሪኩ በሦስት ይከፈላል። ስለ ቅድመ ክስተቱ፦ «ምን እያደረገ ነበር? እንቅልፍ አጥቶ ነበር? እንግዳ ነገር እንደተሰማው ተናግሮ ነበር?» ስለ ክስተቱ፦ «ዓይኑ ክፍት ነበር ወይስ የተከደነ? ጭንቅላቱ ወደየት ዞረ? በየትኛው እጅ ጀመረ? ስሙን ሲጠሩት መለሰልዎት?» ስለ ድኅረ ክስተቱ፦ «ሲነቃ የት እንዳለ ያውቅ ነበር? ሰው ለየ? የደከመ እጅ ነበረው?»

የጊዜ ግምት ለብቻው መታየት አለበት። በፍርሃት ላይ ያለ ተመልካች አንዱን ደቂቃ አሥር ሊያደርገው ይችላል፤ መንቀጥቀጡንና ከዚያ በኋላ የመጣውን እንቅልፍም አንድ አድርጎ ይቆጥራል። «እንቅስቃሴው ራሱ እስኪቆም» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ቃል ሲያጥር «እንዳዩት አድርገው ያሳዩኝ» ማለት ብዙ ጊዜ ከረጅም መግለጫ ይበልጣል። የእጅ ስልክ ቪዲዮ ከተገኘም የላቀ ማስረጃ ነው፤ ሆኖም ቀረጻው ታማሚውን ከአደጋ መጠበቅን መቅደም የለበትም፣ ለሌላ ሰው መተላለፍም የለበትም። በመጨረሻም ስለ ትልቁ ክስተት ብቻ ተጠይቆ መቆም አይገባም፤ «ጠዋት እጅዎ ይበረግጋል? ሰው ሲያናግርዎ ጥቂት ጊዜ የሚያመልጥዎት አለ?» የሚሉት ጥያቄዎች ለታማሚው ለራሱ ይቀርባሉ።

7. ልየታው በሕክምና ላይ ያለው ውጤት

ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ለፎካል ክስተቶች የታወቁ መድኃኒቶች ናቸው፤ ነገር ግን አብሰንስንና ማዮክሎኒክን ሊያባብሱ ይችላሉ። በዝቅተኛ ዋጋው ምክንያት በሰፊው የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ለቶኒክ ክሎኒክ ቢረዳም ለአብሰንስ አይረዳም። ለሕፃናት አብሰንስ ኢቶሰክሲማይድና ቫልፕሮይክ አሲድ ከላሞትሪጂን የተሻሉ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ንጽጽራዊ ጥናት አሳይቷል፤ ከሁለቱ ኢቶሰክሲማይድ በልጆች ትኩረት ላይ ያለው ጉዳት ያነሰ ነበር። ቫልፕሮይክ አሲድ ለአጠቃላይ ዓይነቶች ኃያል ቢሆንም በፅንስ ላይ የአካል ጉድለትና የአእምሮ ዕድገት ችግር ስለሚያስከትል ለመውለድ ዕድሜ ለደረሱ ሴቶች ሌላ አማራጭ ይፈለጋል። የሕፃናት ስፓዝም የሚታከመው ደግሞ በሆርሞን ወይም በቪጋባትሪን ነው።

ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ግልጽ ነው። የማዮክሎኒክ ብርገጋዋ ሳይጠየቅ ቀርቶ ካርባማዜፒን የተጀመረላት ወጣት ሕመሟ ሲባባስ መጠኑ ይጨመርላት ይሆናል፤ ጭማሪው ሕመሙን ይበልጥ ያባብሰዋል። በመጨረሻም «መድኃኒት የማይበግረው» የሚል ስም ይሰጠዋል። ያልበገረው ግን ሕመሙ አይደለም፤ የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያ ዕርዳታም በልየታው ይመራል። በቶኒክ ክሎኒክ ጊዜ ታማሚውን ከእሳትና ከስለት ማራቅ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ እንቅስቃሴው ሲቆም በጎን ማስተኛትና ሰዓት መያዝ ይበቃል። ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማሽተት ክስተቱን አያስቆምም፤ በአፍ ውስጥ ማንኪያ መክተት ጥርስ ይሰብራል፤ ሕመሙ በምራቅ አይተላለፍምና ከመንካት መሸሽ ታማሚውን ለጉዳት ይዳርጋል። ንቃቱን አጥቶ የሚንቀሳቀሰውን ታማሚ ደግሞ በኃይል ይዞ ከማገድ ይልቅ ከአደጋ ቦታ በዝግታ መምራት ይሻላል።

8. ማጠቃለያ

ስፔሻሊስት ላልሆኑ ባለሙያዎች የሚዘጋጁ የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያዎች በመንቀጥቀጥ በሚገለጹ ክስተቶች ላይ ማተኮራቸው ከተደራሽነት አንጻር ምክንያታዊ ነው። ሆኖም ያልተንቀጠቀጠው ታማሚ እንዲታይ የተመራማሪው መጠይቅና የሐኪሙ ጆሮ ከስያሜው ወሰን መውጣት ይኖርባቸዋል። የአማርኛ መጠይቆችን የሚያዘጋጁ ተመራማሪዎች ለመውደቅ፣ ለመፍዘዝ፣ ለብርገጋና ለቅድመ ስሜት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንዲያካትቱ፣ ቃላቱም በየአካባቢው ምን እንደሚገልጹ አስቀድመው እንዲፈትሹ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 ያጸደቀውና እስከ 2031 የሚዘልቀው የሚጥል በሽታና የሌሎች የነርቭ ሕመሞች የተግባር ዕቅድ አገሮች የሕክምናውን ሽፋን እንዲያሰፉ ይጠይቃል። ሽፋኑ ሲለካ ግን አካፋዩ ትክክል መሆን አለበት፤ ያልተለየ ታማሚ ያልታከመ ሆኖ እንኳ አይቆጠርምና።